ከኅሩይ ጋር እንጦጦ ላይ፦ ካለፈ ጸሐፊ ጋር በሐሳብ ለመንሸራሸር ዝርዝር መመሪያ

የመጀመሪያው ሙከራዬ ያሳፍራል። ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እየወጣሁ የማከብራቸውን ጸሐፊ በሐሳቤ አጠገቤ አቆምኩና ጥያቄ ጀመርኩ። መለሱልኝ። ችግሩ በእኔው ቃላትና በእኔው አስተያየት መመለሳቸው ነው። ስለ ኑሮ ውድነት አማረሩ፤ ስለ ታክሲ ሰልፍ አማረሩ። ዳገቱን ስናጋምስ ደግሞ እኔ የጻፍኳትን አንዲት ግጥም አደነቁልኝ። ያኔ ነው ብቻዬን እየሄድኩ መሆኑ የገባኝ።

ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ ወጥቻለሁ። ለሞተ ሰው አፍ መስጠት ቀላል ነው፤ ዓይኑን መዋስ ግን ሥራ አለው። ከዚህ በታች ያለው የዚያ ሥራ ቅደም ተከተል ነው። ምሳሌዬ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ናቸው። መንገዱ ደግሞ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለው የእንጦጦ ዳገት። ሌላ ጸሐፊ ብትመርጡም አካሄዱ ያው ነው።

1. ሰውየውን ምረጡ

የምትወዱትን ብቻ ሳይሆን የምታፍሩትን ሰው ምረጡ። ብታገኙት ቶሎ ብላችሁ ወሬ የማትጀምሩለት፣ ክራባታችሁን ወይም ነጠላችሁን የምታስተካክሉለት ሰው ይሁን። ሐፍረት ለዚህ ጉዞ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ዝም ያሰኛል። የሚያስቃችሁንና የሚያጫውታችሁን ጸሐፊ ይዛችሁ ከወጣችሁ ሙሉ ጠዋት ስትስቁ ታረፍዳላችሁ እንጂ አንድ ቅጠል አታዩም።

ሁለተኛው መስፈርት እኔ "በገባበት በር መውጣት" የምለው ነው። አብዛኞቹ ትልልቅ ጸሐፊዎቻችን ከሌላ ቦታ ወደ አዲስ አበባ የመጡ ናቸው። ሰውየው ከየት አገር እንደመጣ እዩና በዚያው አቅጣጫ ከከተማዋ ውጡ። ሐዲስ ዓለማየሁን የምትወስዱ ከሆነ የጎጃም መንገድ በሱሉልታ በኩል ነውና ወደ ሰሜን ውጡ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን የአምቦ አካባቢ ሰው ናቸው፤ ለእሳቸው የምዕራቡ መውጫና የመናገሻ ሱባ ጫካ ይስማማል፤ ጽዱና ዝግባው፣ ጉሬዛው ሁሉ እዚያ አለ። ኅሩይ ደግሞ የመርሐ ቤቴ ልጅ ናቸው። ከመርሐ ቤቴ የሚመጣ ሰው ከሰሜን በኩል ነው የሚደርሰው፤ እንጦጦ በመንገዱ ላይ ነው። በወጣትነታቸውም የተማሩት እዚያው ተራራ ላይ፣ እንጦጦ ራጉኤል ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት አልፈለግኩም።

2. ዕድሜውን ወስኑ

ይህን ደረጃ ሳላውቅ ሁለት ጊዜ ዘልዬዋለሁ፤ ሁለቱም ጉዞ ከንቱ ቀረ። ኅሩይ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ፎቶግራፉ ነው፤ ካባ የደረቡ፣ ጺማቸውን ያሳደጉ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ። እኒህን ሰውዬ ዳገት ላይ አብራችኋቸው ልትሄዱ ሞክሩ እስኪ። የዚያ ዘመን መኳንንት እንዲህ ያለውን ዳገት የሚወጣው በበቅሎ ነው፤ ከፊት ከኋላ አሽከር አለ። እናንተ የት ልትሆኑ ነው? ልጓም ያዥ ትሆናላችሁ። ልጓም ያዥ ደግሞ ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፤ ጌታው የሚያዩትን አያይም።

ስለዚህ ልጁን ወሰድኩ። የተወለዱት በ1870ዎቹ መግቢያ ነው፤ እኔ የምወስደው በ1880ዎቹ አጋማሽ ያለውን፣ አሥራ አምስት አሥራ ስድስት የሚሆነውን ተማሪ ነው። ፎቶግራፍ የለውም፤ ይህም ጥሩ ነው። የዚያ ዘመን የቆሎ ተማሪ እንዴት እንደሚሄድ ግን እናውቃለን፤ ባዶ እግሩን፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን ዱላ ይዞ። እኔ በስኒከር እያለከለክሁ እሱ ቀድሞኝ ይወጣል።

እዚህ ላይ አንድ የአማርኛ ጣጣ አለ፤ አንተ ልበለው ወይስ አንቱ? ልጅ ነው፤ ነገ ግን ብላቴን ጌታ እንደሚሆን አውቃለሁ። "አንተ" ከአፌ አልወጣ አለ። እሱ ደግሞ እኔ በዕድሜ አባቱ ስለምሆን አንቱ ይለኛል። እኔ እሱን አንቱ፣ እሱ እኔን አንቱ፤ ሁለታችንም ተፋፍረን ዝም አልን። ስፈልገው የነበረው ዝምታ የመጣው በዚሁ ነው። እናንተም ይህን ጥያቄ ቤት ሳላችሁ አትፍቱት፤ መንገድ ላይ ይፈታ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ግን ለማሳጠር ልጁን "እሱ" እለዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።)

3. ለዓይን አንብቡ

ሁሉን መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም። አሥር ገጽ ይበቃል፤ ግን በእርሳስ። ሐሳቡን፣ ምክሩን፣ ቁም ነገሩን እለፉት። የሚዳሰስ ነገር ስም በተጠራ ቁጥር ብቻ አስምሩበት፤ ድንጋይ፣ ጨርቅ፣ ዛፍ፣ መርከብ፣ ምግብ። አሥሩን ገጽ ስትጨርሱ መለስ ብላችሁ የተሰመረበትን ብቻ አንብቡ። ጸሐፊው ሲሄድ ዓይኑ የት የት እንደሚያርፍ ያን ጊዜ ይታያችኋል። አንዳንዱ ሰው ሰው ብቻ ነው የሚያየው። አንዳንዱ ዕቃ ያያል። አንዳንዱ ምንም አያይም፤ ሲያስብ ነው የሚውለው፤ እንዲህ ያለውን ለሽርሽር አትውሰዱት።

ከኅሩይ ሥራዎች በ1915 ዓ.ም. የታተመው "ወዳጄ ልቤ" ታዋቂ ነው፤ ልቡን ወዳጄ ብሎ የሚጠራ ሰው ለእንዲህ ያለ ጉዞ የተፈጠረ ይመስላል። ለዚህ ሥራ ግን እኔ የማስበልጠው ሰውየው በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ከሄዱ በኋላ የጻፉትን "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እንግዳ አገር የገባ ሰው ከማስተማሩ በፊት ማየት አለበት። የድሮ እትም የቸገረው ወመዘክር ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይጠይቅ። ስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ መሄጃው ላይ ነውና መንገድ አያበዛም።

4. ቀኑና ስንቁ

ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ድረስ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ከደረሳችሁ አደይ አበባም ታገኛላችሁ። ነሐሴ ላይ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሽሮ ሜዳ ሁኑ፤ የሸማ ሱቆቹ ሳይከፈቱ፣ ጩኸቱ ሳይጀምር። ተራራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ያጥራል፤ አትቸኩሉ። ጋቢ ወይም ወፍራም ጃኬት፣ ውሃ፣ ቆሎ ወይም በሶ፣ ትንሽ ደብተርና እርሳስ ያዙ። እስክሪብቶ በብርድ አልጽፍ ብሎኝ ያውቃል።

ጫካ ውስጥ ብቻ መሄድ አይመከርም። እኔ አንድ ጓደኛዬን ይዤ እሄዳለሁ፤ ስምምነታችን ከኋላዬ ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ ሳያወራ እንዲከተለኝ ነው። መጀመሪያ ሲሰማ "አበድክ እንዴ?" ብሎኝ ነበር። አሁን እሱም የራሱን ሰው ይዞ ይመጣል፤ ማን እንደሆነ ግን አይነግረኝም። ከመጨለሙ በፊት ውረዱ፤ ጅብ ዛሬም አለ።

5. ተራራውን አራቁቱ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜ ስጡት። ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ አንድ ቦታ ቁሙና በዘመኑ ያልነበረውን አንድ በአንድ አንሱ። ምሰሶው ይነሳ። የመገናኛ አንቴናው ይነሳ። የፓርኩ አጥር፣ የብስክሌት መንገዱ፣ አስፋልቱ። እስካሁን ቀላል ነው።

ቀጥሎ ባሕር ዛፉን አንሱ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ለአዲስ አበባ ልጅ እንጦጦ ማለት ባሕር ዛፍ ነውና። ግን ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ ነው የገባው፤ ልጁ ራጉኤል ሲማር ገና አዲስ ችግኝ ቢሆን ነው።

እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳትደግሙት። ባሕር ዛፉን ነቅዬ በቦታው ጥቅጥቅ ያለ የጽድና የወይራ ደን ተከልኩ። ደስ ይላል፤ ውሸት ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት እንጦጦ ላይ የንጉሥ ከተማ ነበር። ሠራዊቱ ማገዶ ይፈልጋል፤ ቤቱ ምሰሶ ይፈልጋል። ደኑ ተመነጠረ። የእንጨት እጥረቱ በኋላ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ለመዛወር እስኪያስቡ ድረስ የከፋ ነበር፤ ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት ያ እንግዳ ዛፍ ነው። ስለዚህ ልጁ የሚረግጠው ተራራ አብዛኛው ራቁቱን ነው፤ ጉቶ፣ ቀጋ፣ እምቧጮ፣ ነፋስ። ጽዱና ወይራው የሚተርፈው በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው። ይህን ሳውቅ መጀመሪያ ከፋኝ። ከዚያ ገባኝ፤ ዛፍ ከሌለ ሩቅ ይታያል።

ሁሉ ከተነሳ በኋላ የሚቀረውን ቁጠሩ። በደቡብ ምሥራቅ የረር። ወደ ደቡብ ሰማዩ ጥርት ካለ ዝቋላ። በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፤ ወደ ምዕራብ ወጨጫ። እነዚህን እሱም ያያቸዋል፤ እናንተም ታያላችሁ። ከላይ የሚያልፈው ማጅራቱ ነጭ፣ ምንቃሩ ወፍራም ቁራም ያው ነው። ጉዞው ሲበላሽ የምትመለሱባቸው ምልክቶች እነዚህ ናቸው።

6. አብራችሁ ሂዱ

አሁን ልጁን አምጡት። ፊቱን አትሳሉ፤ ፊት መሳል ወደ ፎቶግራፉ ይመልሳችኋል። ከእግሩ ጀምሩ። ተረከዙ የተሰነጠቀ፣ ጣቶቹ የተከፈቱ፣ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ድምፅ የማያሰማ እግር። ከዚያ ዱላው። ከዚያ ይበቃል። ሁለት እርምጃ ይቅደም።

ሦስት ክልከላ አለ። አትጠይቁት። አታስረዱት። የሚመጣውን አትንገሩት። ሦስተኛው ይከብዳል፤ ይህ ልጅ ጃፓን ደርሶ እንደሚመጣ፣ ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሱ ማተሚያ ቤት እንደሚኖረው፣ ጠላት አገሩን ሲይዝ ተሰዶ በ1931 ዓ.ም. መግቢያ እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ ላይ እንደሚያርፍ ታውቃላችሁ። እሱ አያውቅም። ዕውቀታችሁን ጋቢያችሁ ውስጥ ሸሽጋችሁ መሄድ አለባችሁ። ለኔ የጉዞው ክብደት ያለው እዚህ ነው።

የሚፈቀደው አንድ ነገር ማሳየት ነው። ልጁ ሊያውቀው የማይችለውን አንድ ትንሽ ነገር አንሱና ያዙለት። እኔ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይዤለታለሁ፤ ሁለት ቅጠል። ከአንድ ዛፍ ሁለት ዓይነት ይገኛል፤ ከግንዱ ሥር አዲስ የሚያቆጠቁጠው ክብ ብሎ አመድ የተነፋበት የሚመስል ሰማያዊ ነው፤ ከላይ ያረጀው ረጅም፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ። ከአንድ እናት የተወለዱ አይመስሉም። ክቡን ቅጠል በአውራ ጣታችሁ ብትጠርጉት አመዱ ይለቅና ከሥሩ አረንጓዴው ይወጣል፤ ጣታችሁ ላይ ሰም የመሰለ ነገር ይቀራል። ስትጨምቁት ሽታው አፍንጫ ይከፍታል፤ ጉንፋን ሲይዘን እናቶቻችን ያጠኑን የነበረው ሽታ። እኔ ሠላሳ ዓመት ሳሸተው ቅጠሎቹ ሁለት ዓይነት መሆናቸውን አላየሁም ነበር። ለሌላ ሰው ላሳይ ብዬ ነው ያየሁት።

ከራጉኤል ወዲያ ከፍ ያለ ቦታ ስንደርስ የሆነው ነገር ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረገኝ ነው። እኔ እንደማንኛውም የከተማ ሰው ፊቴን ወደ ደቡብ አዞርኩ፤ ፎቁ፣ ጭሱ፣ ጣራው ሁሉ ከታች ተዘርግቷል። "እይ፣ የት እንደደረስን" ልለው ነበር። ልጁ ግን እኔ ወደማየው አይመለከትም። ለምን ይመለከታል? ለሱ ከታች ያለው ጥቂት ጎጆና ድንኳን ነው። ጀርባውን ለከተማው ሰጥቶ ወደ ሰሜን ቆሟል፤ ወደ ሱሉልታ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ ወደ መርሐ ቤቴ። መርሐ ቤቴ ከዚያ አይታይም። አቅጣጫው ግን ይታያል፤ አገሩ የቀረ ልጅ ደግሞ አቅጣጫም ይበቃዋል።

እንጦጦን ስንት ጊዜ እንደወጣሁ አላውቅም፤ ወደ ሰሜን ቆሜ አይቼ ግን አላውቅም ነበር። የቆምንበት ጀርባ የውሃ መለያ ነው። በከተማው በኩል የወረደው ዝናብ በቀበና አድርጎ አቃቂ፣ ከዚያ አዋሽ ይገባና ባሕር ሳያይ በረሃ ላይ ይቀራል። በሱሉልታ በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ አባይ ይገባል። በኮዳዬ የቀረችውን ውሃ ግማሹን ወዲህ፣ ግማሹን ወዲያ አፈሰስኩ። ጓደኛዬ ሃምሳ እርምጃውን አፍርሶ መጥቶ "ምን እያደረግህ ነው?" አለኝ።

7. ሲበላሽ

ይበላሻል። ስልክ ይጮኻል፤ ቤት ትታችሁት መምጣት ነበረባችሁ። ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች በዘፈን ያልፋሉ። ሐሳብ ራሱ ወደ ሰኞ ሥራ ይሸሻል። ልጁን በግድ ለመመለስ አትታገሉ። ወጨጫን ፈልጉ፣ ቁራውን ፈልጉ፤ ከዚያ እግሩን።

መንገድ ላይ ሰው ሲያጋጥም ግን ብልሽት አይደለም። እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች አሉ፤ ሸክሙ ከቁመታቸው ይረዝማል፤ ወገባቸው በገመዱ ሥር ይታጠፋል። መንገድ ልቀቁላቸው፤ "እንደምን አደራችሁ" በሉ። ፎቶ አታንሱ። ለራሳችሁ ጸጥታ ብላችሁ ሰላምታ የምትነፍጉ ከሆነ፣ የያዛችሁት ልጅ ከእናንተ የተሻለ አስተዳደግ አለውና ያፍርባችኋል። ያ ልጅ "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ የሚበላ ነው፤ ደጅ ላይ ያለ ሰው ማለት ለሱ ምን እንደሆነ አስቡ።

8. ጻፉት

እዚያው ተራራ ላይ፣ ታክሲ ሳትሳፈሩ ጻፉ። ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ግማሹ ይጠፋል። ከግማሽ ገጽ አይብለጥ። ጸሐፊው ያለውን ሳይሆን ያየውን ብቻ አስፍሩ፤ "ተሰማኝ" የሚል ቃል ከገባ ሰርዙት። ቋንቋውንም አታስመስሉ፤ የድሮ አማርኛ ለመጻፍ መሞከር ቲያትር ነው፤ ዓይኑን ያባርረዋል።

ምን እንደሚመስል ለማሳየት ባለፈው ጥቅምት የጻፍኩትን እንዳለ ልገልብጠው።

"ቅዳሜ፣ 2 ሰዓት ከሩብ። ጉም ነበር፤ ተነሳ። ፉሪ መጀመሪያ ታየ፤ ዝቋላ አልታየም። ራጉኤል ቅጥር አጠገብ የጽድ ግንድ ዳበሰ፤ ቅርፊቱ እንደ ገመድ ተልጦ ወጣ። ክቡን ቅጠል ሰጠሁት፤ አሸተተና አኮፋዳው ውስጥ ከተተው። አንዲት ቅጠል ተሸካሚ ሸክሟን ካቡ ላይ አሳርፋ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እጄን አየሁና ነገርኳት። አመስግና ገመዱን አጠበቀች። ሸክሙን ከኋላ ስደግፍላት እሱ በሌላው ወገን ይዞታል። ከሄደች በኋላ የእጅ ሰዓቴን ብዙ አየው።"